«በሞቴ» የተባለበት አጋዘን

ሳራ፣ የአደን ፈተናዬን አለፍኩ ብለሽ ስትገቢ አባትሽ ከደስታው ብዛት ሳሎኑን ሲዞረው አይተሻል። ወዲያው ደግሞ ወደኔ ዞረሽ «ጋሽ ሰይድ፣ የትኛውን ሽጉጥ ልግዛ? እንደ አባዬ ዘጠኝ ሚሊሜትር ይሻለኛል?» ስትይኝ ድምፁን አጥፍቶ ወደ ወጥ ቤት ገባ። ውሃ ጠምቶት አይምሰልሽ። እኔ እንድነግርሽ ሜዳውን ለቆልኝ ነው። ይኸው ስንት ዓመቱ ስለ እግሩ ጠባሳ ስትጠይቂው «ጫካ ውስጥ አዳልጦኝ እንጨት ወጋኝ» እያለ ሲሸውድሽ ኖሯል፤ እኔም ወንድሜ ነውና ገመናውን ሸፍኜ ኖሬያለሁ። ዛሬ ግን አንቺም መሣሪያ ይዘሽ ልትገቢ ነው። እንጨቱ እንጨት እንዳልነበረ ማወቅ አለብሽ። እናትሽ አልማዝ በዚህ ቤት «በሞቴ» የሚባለውን ቃል ለምን እንደከለከለችም አብረሽ ትሰሚያለሽ። እናንተም ጓደኞቿ ስልካችሁን አስቀምጡ፤ ነገ አብራችኋት የምትገቡት እናንተ ናችሁ።

ጊዜው 2005 ነው፣ ኅዳር ውስጥ። አንቺ ገና ግሩንድሹለ፣ አንደኛ ደረጃ ነበርሽ። ታውኑስ ተራራ ላይ ቅጠሉ ረግፎ አልቆ ነበር። ጠዋት ጠዋት ውርጩ ሣሩን ጨው የነሰነሱበት ያስመስለዋል፤ ጭጋጉ ሲገለጥ ደግሞ ከከፍታው ላይ ሆነሽ ቁልቁል ፍራንክፈርትን ታያለሽ፣ ይኼ ከመስኮታችሁ ፊት የተገተረው የጊንሃይም ማማ ሳይቀር። ወቅቱ ለአዳኝ ጥሩም መጥፎም ነው። ደም በውርጭ ላይ ከሩቅ ይለያል። የደረቀው ቅጠል ግን ስትረግጪው ይጮሃል፤ አውሬውን ሳታዪው ይሰማሻል።

ሦስት ሰዎች ነበርን። አባትሽ ያኔም ዚንድሊንገን የኬሚካል ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ ይሠራል፤ እሁድ እሁድ በኪራይ አዳራሽ በሚሰበሰቡበት ጉባኤ ወንበር ደርዳሪውም ዘማሪውም እሱ ነው። እኔ ኤርፖርት ካርጎ ፓሌት እጭናለሁ። ሦስተኛው ሄልሙት ነው፣ ጡረታ የወጣ የደን ጠባቂ። የቆሰለ አውሬ በዱካው ተከትላ የምታገኝ ቤላ የምትባል ቀይ ውሻ ነበረችው። አፉ ክፉ፣ ልቡ ደግ ሰው ነበር። አደን ያስተማረን እሱ ነው። ጀርመን አዳኝ ደምን ደም አይልም፤ «ሽቫይስ» ነው የሚለው፣ ላብ እንደማለት። ደም ካልኩ ሄልሙት ጆሮዬን ሊቆነጥጠኝ ይደርሳል። እኔ የደሴ ልጅ፣ ከወንጭፍ ሌላ መሣሪያ ነክቼ የማላውቅ፣ በስተርጅና የላብ ዱካ ተማርኩ።

አሁን የሥጋውን ነገር ልንገራችሁ፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚያ ነው። እኔና አባትሽ ተስፋዬ ወዳጅ የሆንነው ሁለታችንም ሃይም፣ የስደተኞች መጠለያ ውስጥ ጥገኝነት ስንጠብቅ ነው። እሱ ጴንጤ ነው፣ የማንንም ይበላል። እኔ እስላም ነኝ፣ ያለ ቢስሚላህ የሞተ አልበላም። ስለዚህ ስንት ዓመት ሙሉ ሥጋ ያጎረስኩት እኔ፣ የጎረሰው እሱ። የኔ ቤት ትሪ ላይ እጁን ይዘረጋል፤ እሱ ቤት ስመጣ ምስርና ሽሮ ይቀርብልኛል። ከቱርኮቹ ሱቅ ሐላል ገዝቶ ሊያበላኝ ይችል ነበር፤ «እሱማ የቱርኩ ግብዣ ነው» ይላል። በእጁ የገደለውን ሊያጎርሰኝ ነው የፈለገው። አደን ከጀመርን ወዲህ ደግሞ ነገሩ ባሰበት፤ በገደለ ቁጥር እኔ ቆሜ አይቼ፣ ሥጋውን አሸክሜው ባዶ እጄን ወደ ቤቴ። በመጨረሻ መስጊዳችን ያሉትን ሼህ ጠየቅኳቸው። የሌላ ሰው ጥይት ያቆሰለው እንኳ ቢሆን፣ ነፍሱ ሳትወጣ ሙስሊም ቢስሚላህ ብሎ ከጨረሰው ይበላል አሉኝ። ይኼን ለተስፋዬ የነገርኩት እኔው ነኝ። ልጅ አዲስ ጫማ እንደተገዛለት ነው የሆነው።

ሽጉጥ ልንገዛ የሄድነው ከዚያ በኋላ ነው። እንደ ፊልሙ በሽጉጥ አጋዘን ማደን እዚህ ሀገር የለም፤ ፈተና ላይ ጠይቀውሽ ይሆናል። አደኑ በጠመንጃ ነው። ሽጉጥ ለመጨረሻዋ ጥይት ብቻ ነው፣ ፋንግሹስ ለሚሏት፦ ወድቆ ነፍሱ አልወጣ ያለውን እንስሳ ከስቃይ ለመገላገል። ሕጉም የጥይቱ ጉልበት ከሁለት መቶ ጁል እንዳያንስ ይላል። ሁለት መቶ ጁል ለቀበሮ ይበቃል። በሬ የሚያክል አጋዘን ላይ ግን መኮርኮር ነው።

ሱቁ ውስጥ የነበረችው ፍራው ክሌም የምትባል ሴትዮ፣ እሷም አዳኝ፣ አራት ሽጉጥ ጨርቅ ላይ ደረደረችልን። አንዷ በኪስ የምትገባ ሰባት ከስልሳ አምስት፤ ሕጉን ለጥቂት ታልፋለች። ሴትዮዋ ራሷ በጣቷ ገፋ አደረገቻት። ሁለተኛው ዘጠኝ ሚሊሜትር ነው፣ ጠፍጣፋ፣ ብዙ ጥይት የሚይዝ። ሦስተኛው ሦስት ሃምሳ ሰባት ማግነም ሪቮልቨር፣ አፈሙዙ አንድ ጣት የሚያህል፣ ስድስት ጥይት የሚጎርስ። የመጨረሻው አርባ አራት ማግነም ነው፤ ሲያዩት የሚያስፈራ። እኔ ፈሪ ነኝና ትልቁን ልውሰድ አልኩ። ምድር ቤት ወዳለው መተኮሻ አወረደችኝ። የመጀመሪያው ጥይት ኢላማውን መታ። ሁለተኛው ጣሪያውን። አንጓዬ ሳምንት ሙሉ አመመኝ፤ ፍራው ክሌም ግን አልሳቀችብኝም። ጉልበት የሚጠቅምህ ሁለተኛውን መተኮስ ስትችል ነው ብላ ሦስት ሃምሳ ሰባቷን እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ።

አባትሽ በደርግ ጊዜ ወታደር ነበር፣ ማካሮቭ ታጥቆ ያውቃል። ዘጠኝ ሚሊሜትሩን አንስቶ አቀባበለና ድምፁን አዳመጠ። የኔዋን ሪቮልቨር አይቶ «ይቺ ከሲኒማ ቤት ያመለጠች ናት» አለኝ። ፍራው ክሌም አንድ ነገር ልታሳየው ሞከረች። ባዶውን ሽጉጥ ወሰደችና አፈሙዙን እንጨቱ ጠረጴዛ ላይ ተጭና ደገፈችው። የላይኛው ብረት ትንሽ ወደ ኋላ ተንሸራተተ። ምላጩን ሳበች፤ ምንም። እንዲህ ሰውነት ላይ ከተደገፈ አይተኩስም አለች። ሪቮልቨሯን ወሰደች፣ እንደዚያው ተጭና ሳበች፤ ቀጭ አለች። ተስፋዬ ትከሻውን ሰበቀ።

«ከአጋዘን ጋር ተቃቅፎ የሚተኩስ ማን ነው?» አለ።

ጫፉ ለስላሳ እርሳስ የሆነውን ጥይት ውሰድ ስትለውም ሥጋውን ያበላሻል ብሎ እንቢ አለ፤ መዳብ ለበሱን ወሰደ፣ ሳይሰፋ እንደ መርፌ በስቶ የሚወጣውን። ሐሳቡ ሁሉ ሥጋው ላይ ነበር። መኪና ውስጥ ሆኖ ካዝናውን እያገላበጠ «ይኼን ሳጎርስ እውላለሁ፣ አንተን ማጉረስ ነው ያቃተኝ» እያለ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።

የአደኑ ቀን ጠዋት ሊነጋጋ ሲል አባትሽ የጥዱ ጫካ ጫፍ ላይ ያለው የአዳኞች ማማ ላይ ወጣ፣ እኔ ከታች ሸለቆው ውስጥ። ሄልሙት አንድ ያረጀ ወንድ አጋዘን ፈቅዶለት ነበር፣ ሂርሽ የሚሉትን። ቀንዱ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የሚያወጣ ነው፤ ከግንባሩ በላይ ወደፊት የሚሾለው የመጀመሪያው ቅርንጫፍ ጦር ነው በሉት። አንድ ተኩስ ሰማሁ፣ ከኋላው ደግሞ ደረቅ እንጨት የሚሰበር የመሰለ ድምፅ። እንደዚያ ዓይነት ድምፅ ደስ አይልም፤ ጥይት አጥንት ላይ ሲያርፍ ነው። ስደርስ አባትሽ ከማማው ወርዶ ፊቱ አመድ መስሏል። ሊተኩስ ሲል አጋዘኑ አንድ እርምጃ ወደፊት ሄደበት። ደረቱን ስቶ የፊት እግሩን ከላይ ሰበረው።

ውርጩ ላይ ጥፍር የሚያካክሉ የአጥንት ስባሪዎች፣ ቁራጭ ፀጉር፣ ጠቆር ያለ ደም ነበር። አረፋ የለውም፤ ሳንባ ቢሆን ሮዝ አረፋ ይኖረው ነበር። ሄልሙት ተንበርክኮ አንዷን ስባሪ በጣቶቹ አሻሸና ተሳደበ። ሦስት እግር ያለው አጋዘን ይሮጣል፤ ሲደክመው ይተኛል፤ ስትደርሺበት ደግሞ ይዋጋል። ትኩስ ዱካ አይከተሉትም፤ ይተኛና ይድረቅ ተብሎ ይጠበቃል። መኪና ውስጥ ሻይ እየጠጣን ቁጭ አልን። አባትሽ ያ እንስሳ በሱ ጥፋት እግሩን እየጎተተ እንደሆነ እያሰበ ነበር። መጸለዩን ከከንፈሩ አየሁ።

ከረፈደ በኋላ ቤላ ረጅሙን የቆዳ ገመዷን ይዛ ዱካውን አነሳች። አፍንጫዋ መሬት ላይ፣ ጭራዋ ቀጥ ብሎ። ሁለት ቦታ ተኝቶ የተነሳበት ጎድጓዳ አገኘን፤ ሣሩ በደም ተለቅልቋል፣ ሁለተኛው ገና ይሞቃል። ዱካው እሾሃማ የብሮምቤር ቁጥቋጦና ለጋ ጥድ ወደተደበላለቀበት ገባ። ሰው ቆሞ የማይሄድበት፣ ጠመንጃ ማዞር የማይቻልበት ቦታ ነው። ሄልሙት እሱና ቤላ ከዚያኛው በኩል እንደሚገቡ፣ እኛ ከዚህኛው ጫፍ ቦዩ አጠገብ ሽጉጣችንን ይዘን እንድንጠብቅ አዘዘን። በእናንተ በኩል ከወጣ ሳትቆዩ ተኩሱ፣ ውሻዋ ካጠገቡ ካለች ግን አትተኩሱ አለ። ይኼን ሁለቴ ነው የነገረን።

ብዙ ሳይቆይ ቤላ ጮኸች። ሄልሙት ገመዱን ፈትቶላት መሆን አለበት፤ ጩኸቷ አንድ ቦታ ተተከለ። አጋዘኑን አቁማዋለች። ቅርንጫፍ ሲንኮሻኮሽ፣ አውሬው ሲያጓራ፣ እሷ ስትዞረው ይሰማል። ከዚያ ደብ የሚል ነገር ሰማንና ቤላ ከቁጥቋጦው በላይ ሽቅብ ስትወረወር በዓይናችን አየናት። ተገልብጣ ወደቀች፣ ድምፅዋም ቀጥ አለ። ሄልሙት ከውስጥ በስሟ እየተጣራ እሾሁ ውስጥ ሲፈራገጥ እንሰማለን።

ጥዶቹ ተሰነጠቁና አጋዘኑ በኛ በኩል ወጣ። አላህ ያሳያችሁ፣ እንደዚያ ትልቅ እንስሳ በቅርብ አይቼ አላውቅም። የፊት ግራ እግሩ በቆዳ ብቻ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል፤ ነጩ አጥንት ወጥቷል። ቀንዱ ላይ የቤላ ፀጉርና ደም አለ። ቦዩን ሊዘል ሞከረና በተሰበረው እግሩ ላይ አርፎ በጉልበቱ ወደቀ። እዚያው ተንበርክኮ ቀረ። ደረቱ ይነፋል፣ ላቡ ይተናል፣ አፉ ተከፍቶ ምላሱ ወጥቷል። ከኛ እስከሱ ከዚህ ሶፋ እስከ በሩ ቢሆን ነው።

ሄልሙት ከቁጥቋጦው ውስጥ «ሺስ ዶኽ!» እያለ ይጮሃል። ተኩሱ እንጂ ማለቱ ነው።

አባትሽ ሽጉጡን በሁለት እጁ አንስቶ አንገቱ ላይ ደግኗል። የወታደር እጅ ነው፣ አይንቀጠቀጥም። ቢስበው እዚያው ያበቃ ነበር። አልሳበውም። ቀስ ብሎ ሽጉጡን ዝቅ አደረገና ፊቱን ወደኔ መለሰ። ወላሂ ፈገግ ብሎ ነበር።

«ሰይዶ፣ አንተ ጨርሰው» አለኝ።

«የመታኸው አንተ፣ ያንተ ነው» አልኩት።

«የኔ ከሆነማ ላጉርስህ ነው። ቢስሚላህህን በልና ተኩስ።»

«ኧረ ተስፍሽ፣ እንደሱ አይሆንም...»

«በሞቴ!» አለ።

እስቲ አሁን ፍረዱ። ሞት ከፊታችን ተንበርክኮ እየተነፈሰ እኛ በር ላይ እንደተገናኙ ሽማግሌዎች አንተ ቅደም፣ የለም አንተ እንባባላለን። የሌላ ሰው አውሬ መጨረስ ክብሩን መውሰድ መስሎኝ ነው እኔ ያፈገፈግኩት። እሱ ደግሞ ለኔ ሥጋ ብሎ ነው ሽጉጡን ያወረደው። በሞቴ የማዕድ ቃል ነው፤ ጠግቤያለሁ ለሚል ሰው ጉርሻ አስጠግተው የሚሉት። ሁለት ሐበሻ ካልሆነ በቀር በቆሰለ አውሬ ፊት ይኼን ቃል የሚያወጣ ፍጡር የለም።

አጋዘኑ ለጥያቄያችን መልስ አልጠበቀም። በኋላ እግሮቹ ተነስቶ፣ በአንዲት የፊት እግር ተገፍቶ፣ አንገቱን አቀርቅሮ መጣ። አባትሽ ዞሮ ከወገቡ አንድ ጥይት ተኮሰ። መዳብ ለበሷ ጥይት ከአንገቱ ሥር ገብታ በጀርባው ስትወጣ ፀጉሩ ብን ሲል አየሁት። አውሬው አልተሰማውም፤ አልዘገየም እንኳ። ያ ከግንባሩ ላይ የሚሾለው ቅርንጫፍ አባትሽን በጭኑ ውስጠኛ በኩል ገባው። አንስቶት፣ በአየር ላይ አናውጦት፣ በጀርባው መሬቱ ላይ ከሰከሰው። ከዚያ በላዩ ተደፍቶ በሙሉ ክብደቱ ይፈጨው ጀመር። መሬቱ በውርጭ ድንጋይ ሆኗል፤ የአባትሽ ጭንቅላት ሲያርፍበት የወጣው ድምፅ ዛሬም እንቅልፌ ውስጥ ይመጣል።

«ኢየሱስ!» ሲል ሰማሁት። በነፃ እጁ ሽጉጡን የአውሬው አንገት ላይ ተከለና ሳበ። ምንም። እንደገና ሳበ። ምንም። ፍራው ክሌም ጠረጴዛው ላይ ያሳየችው ነገር ነው። አጋዘኑ በላዩ በተጫነ ቁጥር የላይኛው ብረት ወደ ኋላ ይገፋል፤ ሽጉጡ ደርዘን ጥይት ጎርሶ ዱዳ ሆነ።

እኔ ሪቮልቨሯን መቼ እንዳወጣኋት አላውቅም። ከሩቅ ብተኩስ ወይ ጥይቱ አልፎ አባትሽን ያገኛል፣ ወይ ከቁጥቋጦው እየወጣ ያለውን ሄልሙትን። ስለዚህ ሮጥኩና የግራ ቀንዱን በእጄ ያዝኩት። ከበሬ ጋር ገመድ የሳበ ያውቀዋል፤ ጭንቅላቱን ሲያወዛውዝ ከመሬት አነሳኝ፣ ትከሻዬ ከቦታው ወጣ። አልለቀቅኩም። የመጀመሪያውን ጥይት ትከሻው ላይ ተጭኜ ሰጠሁት። የተቃጠለ ፀጉርና ባሩድ ሸተተኝ፣ ትኩስ ደም ፊቴ ላይ ረጨ። ጉልበቱ ራደ፤ ግን ቀንዱን ከአባትሽ ሥጋ ውስጥ አልነቀለም፣ እንዲያውም አጠለቀው። አባትሽ ያኔ ነው የጮኸው፤ ከዚያ በፊት ከዚያች «ኢየሱስ!» በቀር ድምፅ አልነበረውም።

አፈሙዙን ከጆሮው ኋላ አገባሁት፣ ወደ መሬት ሳይሆን ወደ ሰማይ አዘንብዬ፣ አጥንት እስኪነካ ተጭኜ። ስለ አላህ ብለሽ አትጨናገፊ ያልኩ ይመስለኛል፣ ለሽጉጧ። ሳብኩ። አውሬው ክር እንደተበጠሰበት ዶቃ ተፈታ። ያ ሁሉ ሥጋ በአባትሽ ላይ ወደቀ።

ሄልሙት ፊቱ በእሾህ ተቦጫጭሮ ደረሰ። ቀንዱን ሁለታችን ይዘን ስናወጣው ደሙ በልቡ ምት ልክ ወደ ላይ ይፈነጠቅ ነበር። እጄን ቁስሉ ውስጥ ከተትኩ፤ ይሞቃል፣ ያንሸራትታል። ሄልሙት የቤላን የቆዳ ገመድ ከወገቡ ፈትቶ ጭኑን ከላይ በኩል አሰረው፤ ገመዱ ውስጥ ዱላ ከቶ እስኪጮህ ጠመዘዘው። አባትሽ ዓይኑ ነጩ እየታየ ነው። አብሽር ተስፍሽ፣ አብሽር እያልኩ በጥፊ መታሁት። ቤላ ጎድኗ ተሰብሮ በሆዷ እየተሳበች መጥታ እጁን ላሰችው። በካፖርቴ ተሸክመን መንገዱ ድረስ አወጣነው፤ ሄልሙት በስልክ የጠራው አምቡላንስ እዚያ አገኘን። እኔ በአንድ ትከሻ እንዴት እንደተሸከምኩ አላህ ነው የሚያውቀው።

ሆስፒታል መተላለፊያው ላይ ቁጭ ብለን ሄልሙት ያን ሁሉ ጊዜ ምን ስትነጋገሩ ነበር አለኝ። ለመተርጎም ሞከርኩ። እየጋበዘኝ ነበር አልኩት።

«ምሳ?» አለኝ።

አዎ፣ እንደዚያ ነገር አልኩት። ሽማግሌው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤ ይሳቅ ያልቅስ እስከዛሬ አላወቅኩም።

አባትሽ የነቃው በማግስቱ ነው። የደም ሥሩን ሰፍተውለታል፤ ጡንቻው እንደ ድሮው እንደማይሆን ነግረውናል። እናትሽ እጁን ይዛ ታለቅሳለች። ዓይኑን ገለጠ፣ እሷን አየ፣ እኔን አየ። ሕይወቴ ተረፈ ወይ አላለም፣ እግሬስ አላለም።

«ቢስሚላህ ብለሃል?» አለኝ።

እውነቱን ነገርኩት፤ ምን እንዳልኩ አላስታውስም።

«እኔ ሰምቼሃለሁ» አለ፣ ዓይኑን መልሶ እየጨፈነ። «ብለሃል።»

ሼሁ ዘንድ ሄድኩ። ታሪኩን ሁሉ ነገርኳቸው። የሰማህ ምስክር አለ ወይ አሉኝ። አለ፣ ግን ጴንጤ ነው አልኳቸው። ሸማቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ፤ ከዚያ ግን ፊታቸው ከበደ። ከቀንድ ሥር ሆኖ የወንድሙን ቢስሚላህ የሚጠብቅ ሰው አይዋሽም፣ ሂድና ብላ አሉኝ። እኔ ግን ልንገራችሁ፤ በእርግጥ ሰምቶኝ ይሁን ወይ ለኔ ሲል ፈጥሮት ይሁን አንድም ቀን ጠይቄው አላውቅም። አልጠይቀውምም።

የበላነው እዚሁ ነው፣ እዚህ ጠረጴዛ ላይ። ሄልሙት ሥጋውን በረዶ ቤት አቆይቶልን ነበር። አባትሽ እግሩን ወንበር ላይ ዘርግቶ፣ ቀይ ወጡን በእንጀራ ጠቅልሎ፣ ያቺን ስንት ዓመት ያደረችበትን ጉርሻ ወደኔ አስጠጋ።

«በሞቴ» አለ።

ቃሉን ሳይጨርስ ጎረስኩ። እናትሽ ማንኪያዋን ወረወረችና ይኼ ቃል ሁለተኛ በዚህ ቤት እንዳይሰማ ብላ ወጣች፤ በረንዳ ላይ ሆና ስታለቅስ ይሰማን ነበር። እኛ እዚህ ወንዶቹ እየጎረስን ቀረን። ሥጋው ጠንካራ ነበር። ያረጀ አውሬ ነው። እንባዬ እየወረደ ነው የበላሁት።

እንግዲህ ወደ ጥያቄሽ። ዘጠኝ ሚሊሜትር መጥፎ አይደለም ሳራ፤ ብዙ አዋቂ ይይዘዋል፣ ጫፉ እርሳስ ጥይት ከጎረሰ ደግሞ ይጥላል። ካንቺ እጅ ጋር ግን ይስማማል ወይ ነው ጥያቄው፣ ሁለተኛውን ጥይት ሳትሸበሪ ትተኩሺበታለሽ ወይ ነው። ወረቀት ላይ የተጻፈውን ጁል ካነበብሽ በኋላ ጫካው ውስጥ ተቃቅፈሽ የምትተኩሺበት ቀን እንደሚመጣ አስቢ። አባትሽ አይመጣም ብሎ ነበር። የመጨረሻዋን ጥይት ደግሞ ለማንም አትጋብዢ። የጀመርሽውን ራስሽ ጨርሺ፣ ዝም ብለሽ፣ ቶሎ።

እኔ እጄ መንቀጥቀጥ ጀምሯል፤ ከዚህ ዓመት በኋላ አልወጣም። ሪቮልቨሯ ቤቴ ካዝና ውስጥ ናት፣ ዘይት ጠጥታ። ቫፈንበዚትስካርተሽ፣ የመሣሪያ ፈቃድሽ፣ ሲወጣልሽ ቴርሚን፣ ቀጠሮ እንይዝና ባንቺ ስም እናዛውራታለን። ያንቺ ናት።

አየሽ፣ «ናይን ጋሼ፣ ዳስ ጌት ዶኽ ኒሽት»፣ ይኼማ አይሆንም፣ ልትይኝ አፍሽን ከፈትሽ። ይሉኝታውን ከአባትሽ ወርሰሻል። አልማዝ፣ ወጥ ቤት ሆነሽ እንደምትሰሚኝ አውቃለሁ፤ ለዛሬ ብቻ ይቅር በይኝ።

ሳራ፣ በሞቴ። ሁለቴ አታስብዪኝ።